በኪሳችን ያለው አማና



ለአፍታ በሐሳብ ወደ አርባ ምንጭ እንውረድ። ጊዜው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። በሲቀላ ገበያ ዙሪያ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። በአንዲት ጠባብ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ፊታቸው የተሰነጠቀ ስልኮች ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከእነዚህ ስልኮች አንዱ የአንድ ወጣት ነው እንበል። "ነገ ና ውሰድ" ተብሎ ትቶት ሄዷል። ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ እንዲሞክረው የስልኩ መክፈቻ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ወጣቱ ቁጥሩን ሲሰጥ ቅር አላለውም። "እኔ ምን የምደብቀው ነገር አለኝ?" ብሎ ነው የሄደው።

እውነት የለውምን? እስቲ ስልኩን በሐሳብ እንክፈተው።

ወጣቱ የመስጂዱ የዘካ ኮሚቴ ጸሐፊ ነውና የችግረኛ ቤተሰቦች ስም ከነሰፈራቸው ተዘርዝሮ ይገኛል። ለሰው እጃቸውን ዘርግተው የማያውቁ፣ ችግራቸውን ለኮሚቴው ብቻ የነገሩ ቤተሰቦች ናቸው። ባሏ የሚደበድባት አንዲት ጎረቤት ለእናቱ እንዲያሰማላት የላከችው የድምፅ መልእክት አለ። በሴቶች መካከል ብቻ የተነሱ የእህቱ የሠርግ ፎቶግራፎች አሉ። ጋዜጠኛ ጓደኛው "ለጊዜው አንተ ጋር ይቀመጥ" ብሎ የላከለት ቪዲዮ አለ፤ በቪዲዮው ውስጥ ደግሞ ፊታቸው በግልጽ የሚታይ፣ መቀረጻቸውን እንኳ ያላወቁ ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ወጣቱ ለራሱ የሚደብቀው ላይኖረው ይችላል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ግን የሚጠበቅላቸው ነገር አላቸው። በዚያች ሱቅ ያደረው የእሱ ስልክ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሰው አማና ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር ደህንነት ሲወራ ብዙዎቻችን የሚመጣብን የፖለቲከኛና የሰላይ ታሪክ ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ጋዜጠኛው የነገረውን ሰው፣ የመብት ተሟጋቹ ምስክሩን፣ የኮሚቴ አባሉ ችግረኛውን፣ እናት የልጇን ገመና የሚጠብቁበት ጉዳይ ነው። አማናን ለባለቤቱ የማድረስን ግዴታ ከሱረቱን-ኒሳእ የተማርን፣ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ አለመግባትን ከሱረቱን-ኑር፣ የሰውን ነውር አለመሰለልን ከሱረቱል-ሑጁራት የምናውቅ ሰዎች ነን። ዛሬ የሰው ቤት በሩ የት ነው ቢባል፣ አንደኛው በር በኪሳችን ነው።

ራስን መጠበቅ መማር የክስ ፍሬ ሲሆን

በአገራችን ይህ ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. "ዞን ዘጠኝ" በሚባል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶች ተያዙ። ሦስት ጋዜጠኞችም በዚያው ሰሞን ታሰሩ። ጸሐፊዎቹ በፍቃዱ ኃይሉ፣ አጥናፍ ብርሃነ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ማኅሌት ፋንታሁን፣ ዘላለም ክብረትና አቤል ዋበላ ሲሆኑ፣ ጋዜጠኞቹ ተስፋለም ወልደየስ፣ አስማማው ኃይለጊዮርጊስና ኤዶም ካሣዬ ነበሩ። በውጭ አገር የነበረችው ሶሊያና ሽመልስ በሌለችበት ተከሰሰች። ስማቸው ራሱ ትርጉም አለው። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበርና፣ "ዘጠነኛው ዞን ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው" ለማለት ነው።

ሐምሌ 2006 በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ በክሱ ውስጥ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ መልእክታቸውንና ኮምፒዩተራቸውን ከሰላይ ዓይን እንዴት እንደሚጠብቁ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ሥልጠናው የተመሠረተበት "ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ" የሚባለው መመሪያ፣ "ደህንነት በሣጥን" እንደ ማለት ነው፣ ታክቲካል ቴክኖሎጂ ኮሌክቲቭና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ የተባሉ ድርጅቶች ያዘጋጁትና ማንም ሰው በነጻ የሚያነበው ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለ መምረጥ፣ ፋይልን ስለ መመስጠር፣ ማለትም ቁልፉ በእጁ ከሌለ ሰው እንዳይነበብ አድርጎ ስለ ማስቀመጥ፣ የሚያስተምር ነው። ለቤቱ ቁልፍ የገዛ ሰው "ምን ልትሠራ አስበህ ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይላል?

ከተከሳሾቹ አምስቱ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀሩት ላይ የቀረበውን የሽብር ክስ ውድቅ አደረገው። እስከዚያው ግን ዓመት ከመንፈቅ ያህል በእስር አልፏል። ያ ዕድሜ በፍርድ አይመለስም።

የእኛም ማኅበረሰብ ይህን ዘመን ከሩቅ ሆኖ አልተመለከተውም። "ድምፃችን ይሰማ" በሚለው እንቅስቃሴ ጥሪው ከመስጂድ መስጂድ የተላለፈው በአብዛኛው በፌስቡክና በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንደ ነበር የዚያን ጊዜ ወጣቶች ያስታውሳሉ። ሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ሲታሰሩ፣ "የሙስሊሞች ጉዳይ" መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም አብሮ ታሰረ። በ2007 በዚያው አዋጅ ተፈረደበት። አዋጅ 652 በ2012 በሌላ አዋጅ፣ በቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ትምህርቱ ግን አልተሻረም።

መጋቢት 2006 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ዘገባ በምርመራ ክፍል ውስጥ የራሳቸው የስልክ ንግግር ተቀድቶ የተሰማላቸውን፣ የደወሉላቸው ሰዎች ዝርዝር ከፊታቸው የተቀመጠባቸውን ሰዎች ታሪክ ይዟል። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ከየት እንደ ደወለ የሚያሳየው ዝርዝር፣ የተባለው ነገር ባይሰማ እንኳ፣ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጋዜጠኛ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌሊት ሦስት ጊዜ ደውሎ በማግሥቱ የዚያ መሥሪያ ቤት ምስጢር ታትሞ ቢወጣ፣ ምንጩን ለማወቅ ንግግሩን መስማት አያስፈልግም።

ሰላዩ በር አንኳኩቶ ሲገባ

ሌላው መንገድ በረቀቀ ሶፍትዌር መሰለል ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ስለ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጽፏል። መጋቢት 2005 ባወጣው ጥናት፣ በተቃዋሚ ድርጅት አመራሮች ፎቶግራፍ ተሸፍኖ የሚላክ "ፊንስፓይ" የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር አጋለጠ። የካቲት 2006 ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ መጠቃታቸውን ገለጸ። የተላከላቸው ፋይል ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር። በ2007 መጨረሻ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተዘርፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን ምስጢሩ ሲበተን፣ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደ ነበር ከደብዳቤዎቹ ታየ።

ኅዳር 27 ቀን 2010 የወጣው ሌላ ጥናት ሳይበርቢት የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ የሚመለከት ነበር። ከታለመባቸው ሰዎች አንዱ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር የነበረው ጃዋር መሐመድ ነው። በኢሜይል የመጣው ማስፈንጠሪያ የታወቀ የቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ቦታ ይወስዳል። እዚያም "ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም አድሱ" ይላል። የሚታደሰው ፕሮግራም ሰላዩ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ የሚደጋገም ነገር አለ። መሣሪያው በብዙ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ በሩን የሚከፍትለት ግን የባለቤቱ ጣት ነው። የሚከፈተውም በምንወደው ወይም በሚያስቆጣን ነገር ነው። ስለ ወገናችን የሚናገር ቪዲዮ፣ የምናከብረው ሰው ፎቶግራፍ፣ አስቸኳይ ዜና። የመጀመሪያው መከላከያ እንግዲህ ቆም ማለት ነው። "ይህን የላክኸው አንተ ነህን?" ብሎ በሌላ መንገድ፣ በስልክ ደውሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አደጋው ከመንግሥት ብቻ አይደለም

ሰው በመንግሥት ብቻ ሳይሆን በገዛ ጎረቤቱም ሊታደን እንደሚችል ያየነው በባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 መጀመሪያ፣ አገሪቱ በጦርነት ውስጥ በነበረችበት ሰዓት፣ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው በትግራይ ተወላጅነታቸው የሚያነሳሱ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጩባቸው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ፕሮፌሰሩ የፖለቲካ ሰው አልነበሩም። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

የሰው ስም፣ ፎቶና ሰፈር በአንድነት ወጥተው ሲበተኑ ጥይት ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ያን ጽሑፍ "ለማሳወቅ ያህል" ብለው ለሌላ ያሻገሩ ሰዎች ሌሊቱን ተኝተው አድረዋል።

በዚህ ረገድ ጋሞ ለአገር የሚነገር ታሪክ አለው። መስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያና መፈናቀል ከተጎዱት መካከል ብዙ የጋሞ ተወላጆች ነበሩበት። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቁጣ ወጡ። በከተማቸው በሚኖሩ፣ በጉዳዩ ምንም እጅ በሌላቸው ሰዎች ላይ ሊበቀሉ ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ። በጋሞ ባህል ሣር ተይዞ ሲለመን ያንን ረግጦ ማለፍ ከባድ ነውርና ነው።

ዛሬ ቁጣው በአደባባይ ከመታየቱ በፊት በስልክ ያልፋል። እዚያ ደግሞ የሚንበረከክ አባት የለም። ስለዚህ ሣሩን መያዝ ያለበት እያንዳንዳችን ነን። ወሬ ሲመጣ ማረጋገጥን ሱረቱል-ሑጁራት አስተምሮናል። የጋሞ ሽማግሌዎች የአገር ጉዳይ ሲኖር በዱቡሻ፣ በአደባባዩ፣ ተቀምጠው ይመክራሉ፤ የቤት ገመና ግን ከጓዳ አይወጣም። ፌስቡክ ዱቡሻ ነው። የሰውን ጓዳ ወደ ዱቡሻ ከማውጣታችን በፊት ባለቤቱን አስፈቅደናልን?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎችን እንመልስ። በእጄ ያለው የማን ምስጢር ነው? ቢወጣስ የሚጎዳው ማን ነው፣ ከማን በኩል? የዘካ ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛና የተበደለች ሚስት የሚፈሩት አንድ አይደለምና መከላከያቸውም አንድ ሊሆን አይችልም። የሚከተሉት ግን ለሁሉም ይጠቅማሉ።

አንደኛ፤ የማያስፈልገንን አንያዝ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ይህ ነው። ተገድዶ ስልኩን የሚከፍት ሰው በውስጡ የሌለውን ሊያወጣ አይችልም። የዘካው ዝርዝር ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ በስልክ ለምን ይቀመጣል? የምስክሩ ድምፅ ተገቢው ቦታ ከደረሰ በኋላ ለምን ይቆያል?

ሁለተኛ፤ መክፈቻው ጠንካራ ይሁን። የትውልድ ዓመት ወይም 1234 መክፈቻ አይባልም። ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው፣ ሌላ ሰው ሊገምተው የማይችል ቁጥር ይሁን። ዘመናዊ ስልክ መክፈቻ ከተደረገለት በውስጡ ያለውን ይመሰጥራል። ሚሞሪ ካርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ተነቅሎ በሌላ ስልክ ላይ ቢሰካ ፎቶግራፉ ሁሉ ይታያል።

ሦስተኛ፤ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሲም ካርዱና ሚሞሪው ይውጡ። ስክሪን ለመቀየር የመክፈቻ ቁጥር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መሞከር ካስፈለገ ባለቤቱ ቆሞ ራሱ ይክፈት። አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ለጥገና የሚሆን፣ የግል ነገርን የሚሸፍን ማስተካከያ አላቸው። ይህን ስንል ጠጋኞቹን ለመጠርጠር አይደለም። ታማኝ ሰውም ቢሆን ሳያስፈልገው አማና አይጫንበት።

አራተኛ፤ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በኢሜይል ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይደረግ። በጽሑፍ መልእክት የሚመጣውን የመግቢያ ቁጥር "በስህተት ወዳንተ ተልኮብኝ ነው፣ ላክልኝ" ለሚል ሰው፣ በወንድም ስም ቢጠየቅም፣ አይሰጥም። እንዲህ ያለው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አስቀድሞ ከተሰረቀ የወዳጅ አካውንት ነው።

አምስተኛ፤ የምንጽፍበትን መንገድ እንወቅ። የቴሌግራም ተራ ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ ብቻ የሚመሰጠር አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው "ሚስጥራዊ ውይይት" የሚለው ሲከፈት ነው። ሲግናልና ዋትስአፕ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራሉ። ሲግናል ስለ ተጠቃሚው የሚይዘው መረጃ ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ ጋዜጠኞች ይመርጡታል። በሦስቱም ላይ መልእክት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። ተራ የስልክ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን እንደ ክፍት ደብዳቤ ይቆጠር።

ስድስተኛ፤ ሌላ ሰው አብሮን እያነበበ እንዳይሆን እንይ። በዋትስአፕና በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ አካውንታችን የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። የማናውቀው ካለ እናስወጣው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በባሏ የምትሰለል ሴት ድንገት ሁሉን ብትዘጋበት ቁጣው ሊብስ ይችላል። እንዲህ ያለች እህት መጀመሪያ እሱ በማይደርስበት የዘመድ ስልክ ምክር ትጠይቅ፤ መውጫዋ ከተዘጋጀ በኋላ ትዝጋ።

ሰባተኛ፤ ፎቶግራፍ ከመላካችን በፊት ሦስት ነገር እንመልከት። ፊት፣ ቦታና ሰዓት። የስልክ ካሜራ የተነሣበትን ቦታ በፎቶው ውስጥ ሊመዘግብ ስለሚችል ይህን ማጥፋት ይገባል። በዋትስአፕና በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ ምዝገባ አብሮ አይሄድም፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ይሄዳል። የሕፃናትንና የምስክሮችን ፊት መሸፈን አይዘንጋ።

ስምንተኛ፤ ስልኩ የሚጠይቀው ማደሻ በስልኩ በራሱ ማስተካከያ በኩል ይደረግ እንጂ በተላከ ማስፈንጠሪያ አይደረግ። ፕሮግራም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ መቀባበልም ይቅር።

የቤተሰብ ጉዳይ ነው

ሕጉ ከጎናችን የሚቆምበት አንቀጽ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በደብዳቤም ሆነ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስቡ ሁሉ የጥበቃ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ ግን ብቻውን በር አይዘጋም።

በር የሚዘጋው በቤት ውስጥ ነው። ጋዜጠኛው ልጅ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ታናሽ እህቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ በቲክቶክ ላይ ብትለጥፍ ጥንቃቄው ከንቱ ነው። አባት የተላከለትን ሁሉ ከፍቶ የሚያይ ከሆነ፣ አብረው በሚጠቀሙበት ስልክ ላይ የልጁም ምስጢር ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ ቡናው ሲፈላ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይነጋገር። ወጣቶች ለእናቶችና ለአባቶች በትዕግሥት ያሳዩ፤ "እማማ አይገባቸውም" አይባልም። በአንድ እጅ የዘንቢል ምስጢር፣ በሌላው የጎረቤት ገመና ይዘው ሠላሳ ዓመት ያልተነፈሱ እናቶች ስለ አማና ከእኛ የሚማሩት የለም። የጎደላቸው የመሣሪያው እውቀት ብቻ ነው።

ወደ ሲቀላዋ ሱቅ እንመለስ። ወጣቱ በማግሥቱ ስልኩን ለመውሰድ መጥቷል። መስታወቱ አዲስ ሆኗል። ክፍያውን ከፍሎ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልጦ ወደ መሬት ጣለው። ወረቀቱ ተጣለ እንጂ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ዝርዝሩም፣ ድምፁም፣ ቪዲዮውም እዚያው ናቸው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን መጽሔት ከማጠፍህ በፊት ስልክህን አውጣ። በውስጡ የማን አማና እንዳለ ቁጠር። የማያስፈልገውን ሰርዝ፤ የቀረውን ቆልፍ። አላህ የሰውን ገመና ከሚሸፍኑት ያድርገን። አሚን።